ስለ ምጣድና ስለ ሠሪው
(በሬዲዮ ከተነገረው)



በዛሬው ንግግሬ በየቤታችሁ ስላለ ስለ አንድ መሣሪያ ታሪክ ላጫውታችሁ አስቤአለሁ። ስሙን ከመጥራቴ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። በቤታችሁ ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ ለኑሯችሁ እጅግ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ይህ በተጠየቀ ጊዜ አንዳንዱ የእጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ያሳይ ይሆናል፤ ሌላው ቴሌቪዥኑን፣ ሌላውም ማቀዝቀዣውን ይጠራ ይሆናል። እኔ ግን ምጣድ ነው እላለሁ። ስልክ የተበላሸ እንደ ሆነ ሰው አንድ ቀን ተቸግሮ ይውላል። ምጣድ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን የቤተ ሰቡ ሁሉ ማዕድ ይጎድላል።

«ምጣድ ደግሞ ምን ታሪክ አለው? ተራ ሸክላ አይደለምን?» የሚል እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። እኔም ራሴ ብዙ ዘመን እንዲሁ ስል ኖሬአለሁ። ይህን አሳቤን ያስለወጠኝ ምን እንደ ሆነ ወደ ፊት እነግራችኋለሁ። አስቀድመን ግን መሣሪያውን እንመርምር።

ምጣድ ስፋቱ ከግማሽ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ክብና ዝርግ ሸክላ ነው። ለዐይን ቀላል ነገር ይመስላል፤ ሥራውን ለሚመረምር ሰው ግን ብዙ ብልኃት አለበት። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ከቦካ በኋላ በውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይፈጠራል። ሊጡ በጋለው ምጣድ ላይ በፈሰሰ ጊዜ ይህ አየር በሙቀቱ ኀይል ወደ ላይ ፈንቅሎ ይወጣና የእንጀራውን ዐይን ይሠራል። እንጀራ እንደ ቂጣ አይገለበጥም፤ ስለዚህ ከታች በምጣዱ ሙቀት፣ ከላይ ደግሞ አክንባሎው አምቆ በያዘው እንፋሎት ይበስላል። ምጣዱ በአንድ ወገን ይልቁን የጋለ እንደ ሆነ እንጀራው በዚያ በኩል ያርራል፤ በሌላው በኩል ሊጥ ሊጥ ይላል። እንግዲህ የሚፈለገው 200 ዲግሪ ገደማ የሚደርሰውን ሙቀት በሁሉ አቅጣጫ እኩል የሚያሰራጭ፣ ቀዝቃዛ ሊጥ በላዩ ሲፈስበትም ሙቀቱን በድንገት የማይለቅ ዕቃ ነው። ሸክላ ይህን ጠባይ ይዞ ይገኛል፤ ይኸውም በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ነው።

በሚገባ መሥራት ማለትስ ምን ማለት ነው? አፈሩ ይቆፈራል፤ ይደርቃል፤ ይወቀጣል፤ ይነፋል። ጭቃው ብቻውን የተሠራ እንደ ሆነ ሲደርቅ ይኰማተራል፤ ወደ እሳት ሲገባም ይሰነጠቃል። ስለዚህ አሸዋ ወይም ተወቅጦ የደቀቀ የአሮጌ ሸክላ ስባሪ በልክ ይቀላቀልበታል። ይህ ድብልቅ ሸክላው ሲግልና ሲቀዘቅዝ የሚደርስበትን መወጠር እንዲችል ያደርገዋል። ልኩ የሚታወቀው በሚዛን አይደለም፤ በጣት ዳሰሳ ነው። ከዚያም ጭቃው በእግር ተረግጦ ከታሸ በኋላ ያለ መዘውር በእጅ ብቻ ይዘረጋል። ጥላ ባለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ በለሰለሰ ድንጋይ ይታሻል፤ በመጨረሻም በሜዳ እሳት ይተኰሳል። ገዢውም ወደ ቤቱ ከወሰደው በኋላ በጎመን ዘር ያሟሸዋል። የጎመን ዘሩ ቅባት የሸክላውን ቀዳዳዎች ደፍኖ እንጀራው እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ የተዛባ እንደ ሆነ የብዙ ቀን ድካም በአንድ ሰዓት እሳት ከንቱ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ጥበብ በአዲስ አበባ ከተማ ለማየት የሚፈልግ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ወደ ጉለሌ ወጥቶ ቀጨኔ መድኃኔዓለም አካባቢ ቢደርስ፣ ጀበናው፣ ድስቱ፣ ምጣዱ በየደጁ ተደርድሮ ያገኘዋል። ሠሪዎቹም አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የመጣ ሙያ ነው።

ጉለሌ ስሙን ያገኘው ከከተማይቱ መቈርቈር በፊት በዚያ ይኖር ከነበረው ከጉለሌ ኦሮሞ ጎሣ ነው። በላዩ የተንሰራፋው የእንጦጦ ተራራም የአዲስ አበባ ታላቅ ወንድም ሊባል የሚገባው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ አስቀድሞ ከተማቸውን ያደረጉት በእንጦጦ ነበረና። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ በፍል ውኃው አጠገብ ከተቈረቈረች በኋላ እንኳ፣ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው።

አዲስ ከተማ ሲቈረቈር መኳንንትና ወታደር ብቻውን አይበቃም። ማረሻና መጥረቢያ የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሠራ፣ ማድጋና ምጣድ የሚያበጅ፣ ግንብ የሚገነባ ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ እጆች ከየአገሩ መጡ። በቀጨኔ ከሰፈሩት ብዙዎቹ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። በኋላም ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማ ሠሪዎች በእንጦጦ ግርጌ ሰፈሩ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ በሀገር ልብስ ገበያነቱ የታወቀው በእነርሱ እጅ ነው። ለበዓል ቀን ነጭ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ስትወጡ፣ ድሩንና ማጉን ያገናኘው መወርወሪያ የተወረወረው ምናልባት ከዚያው ከጉለሌ መንደር ውስጥ ነው።

ይሁን እንጂ ከተማይቱ ከተቈረቈረች ጥቂት ዓመት እንኳ ሳይሞላት በምጣድ ምክንያት ለመፍረስ ተቃርባ ነበር ብል ማጋነን አይደለም። ምጣድ እሳት ይፈልጋል፤ እሳትም እንጨት ይፈልጋል። ሕዝቡ በበዛ ቍጥር በዙሪያው የነበረው ደን ተጨፍጭፎ አለቀ። በዚህም ምክንያት ምኒልክ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ዋና ከተማቸውን በምዕራብ በኩል ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከተማይቱን ያዳናት በ1880ዎቹ ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቈረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። እንጦጦን የሸፈነው ይኸው ዛፍ ነው።

የባሕር ዛፉ መምጣት ግን ሌላ ሸክም አመጣ። ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው፣ ጐንበስ ብለው፣ ከእንጦጦ ወደ ገበያ የሚወርዱትን እናቶችና እኅቶች ያላየ የከተማችን ሰው የለም። የምጣድ ታሪክ ሲነገር የእነርሱም ጀርባ አብሮ ሊነገር ይገባዋል።

አሁን ደግሞ ከመንደሩ ወጥተን ጥቂት ጊዜ ወደ ቤተ መንግሥቱ እንግባ። ዳግማዊ ምኒልክ አዲስ መሣሪያ ማየትና መመርመር ይወዱ እንደ ነበር ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዘመናቸው፣ በ1880ዎቹ ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሽቦ ተዘረጋ። የኤሌክትሪክ መብራትም በ1890 ዓ.ም. በቤተ መንግሥታቸው በራ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የፎኖግራፉ ነገር ነው። ነሐሴ 1890 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለምኒልክ የላኩትን መልእክት በወረቀት አልጻፉትም፤ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ አስቀርጸው ላኩ እንጂ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በተከታዩ ዓመት በዚያው መሣሪያ በድምፃቸው መልስ ሰጡ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ በእንግሊዝ አገር ቤተ መጻሕፍት ተጠብቆ ይገኛል። እኛ የሬዲዮ ሰዎች ይህን ታሪክ ስንሰማ ልባችን ደስ ይለዋል።

ከምኒልክም በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ የእጅ ሥራን ጥቅም በሚገባ ተረድተው ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የመድፍ መሥሪያ አቋቋሙ። በ1859 ዓ.ም. በዚያ የተሠራውና 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ይታያል። ነገር ግን ቴዎድሮስ ለዚህ ሥራ በዋነኛነት የተማመኑት በአውሮፓውያን ባለ ሙያዎች ላይ ነበር። ብረት አቅልጦ ማረሻና ጦር ሲቀጠቅጥ የኖረ ያገር ልጅ አልጠፋም ነበር፤ ስሙ ግን ከመድፉ ስም ጋር አልተጻፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከባሕር ማዶ የመጣውን መሣሪያ ማን እንደ ሠራው፣ ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ዓመት እንደ ደረሰ በመጽሐፍ ተጽፎ እናገኛለን። ምጣዱን፣ ጀበናውን፣ ማረሻውንና ሸማውን የሠራው ሰው ግን ስም የለውም። ስም የለውም ማለቴ እንኳ ስሕተት ነው። ስም ነበረው፤ ስሙም ስድብ ነበር። ብረት የሚሠራውን «ጠይብ»፣ ሸክላ የምትሠራውን «ቡዳ» እያለ የሚጠራ ብዙ ነበር። በእሳት የሚሠራ ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል፣ በዐይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ይወራ ነበር።

የዚህን ነገር መነሻ የሚመረምር ሰው አንድ ምክንያት ያገኛል። በቀድሞው ዘመን በብዙ አውራጃዎች ክብር የሚገኘው ከርስት መሬት ነበር። ባለ እጁ ግን በብዙ ቦታ ርስት እንዲይዝ አይፈቀድለትም ነበር። መሬት የተከለከለ ሰው በእጁ ሥራ ማደር ግድ ሆነበት። በእጁ ሥራ በማደሩ ደግሞ ተናቀ። በመናቁም ጋብቻ ተከለከለ፤ ለብቻው ሰፈረ። ለብቻው በመስፈሩ ምክንያት ስለ እርሱ የሚነገረው ተረት በዛ። እንግዲህ ተረቱ የመጣው ከሰውዬው ጠባይ አይደለም፤ ከተነፈገው መሬት ነው።

አሁን ወደ 1900 ዓ.ም. ደረስን። ይህ ዓመት እናንተ በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁ አንባቢዎች ልዩ ትርጉም ያለው ዓመት ነው። በጥቅምት ወር የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች የተሾሙት በዚህ ዓመት ነውና፤ ዛሬ የምንቀመጥበት ወንበር አያት ቅድመ አያቱ ያ ሹመት ነው። በዚሁ ዓመት ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ በአውቶሞቢል ገባ። ከተማው ሁሉ ተደነቀ። ምኒልክም ራሳቸው ተሳፈሩበት። ይህን ታሪክ ልጆች እንኳ ያውቁታል።

ነገር ግን በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከአውቶሞቢሉ የሚበልጥ ሌላ ነገር ወጥቷል፤ ይህንን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነገሩ። የዐዋጁ አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን፣ የሚያርሰውን፣ የሚነግደውን ሁሉ በየሙያው ስም እያወጡ መስደብ እንደ ተለመደ ዘረዘሩ። ሥራ የማያውቀው ሰነፍ ሥራ የሚያውቀውን ብልኅ እየሰደበ አስቸገረ አሉ። የሰው ልጅ ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን የተወለደ አንድ ዘር መሆኑን አስታወሱ። ከእንግዲህ ወዲህ ሠራተኛን የሰደበ እኔን እንደ ሰደበ ይቈጠራል ብለው፣ ሲሳደብ የተገኘ ሰው አንድ ዓመት እንዲታሰር ደነገጉ።

አንባቢዎች ሆይ፤ የዚህን ዐዋጅ ክብደት መዝኑት። አውቶሞቢልን ማምጣት ገንዘብና ድፍረት ላለው ሰው ይቻላል። የሰውን ልብ ማደስ ግን ከዚያ እጅግ ይከብዳል። ምኒልክ ከውጭ የሚመጣው መሣሪያ ሁሉ በአገር ልጅ እጅ ካልተጠገነና ካልተሠራ ጌጥ ሆኖ እንደሚቀር የተረዱ ይመስለኛል። የሚሠራ እጅ በተሰደበበት አገር የሚሠራ እጅ አይበዛም።

ዐዋጁ ተነገረ፤ ነገር ግን ስድቡ አልጠፋም። ከብዙ ዘመን በኋላ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ መሬት ማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬትን ፈቀደ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ደነገገ። ሕጉ እንዲህ እየተሻሻለ ሲመጣ ልማዱ ግን ከኋላ ቀርቶ እያነከሰ ይከተል ነበር። ለዚህ ምስክር ከሩቅ አልጠራም፤ ራሴው እመሰክራለሁ።

ተማሪ ሳለሁ፣ የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ፣ ከቀጨኔ የሚመጣ አንድ ልጅ በክፍላችን ነበረ። በሒሳብ ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ አንዱ እናቱ ሸክላ ስትሸጥ አይቶ ኖሮ፣ ያንን የተለመደውን ቃል በጀርባው ሹክ አለ። ሹክሹክታው በክፍሉ ዞረ። እኔ ቃሉን አልተናገርሁም። ነገር ግን በማግሥቱ ከእርሱ ጋር እቀመጥበት ከነበረው ወንበር ተነሥቼ ወደ ኋላ ሄድሁ። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ የት እንደ ሆነ የጠየቀው ሰው ሁሉ «ስድስት ኪሎ» የሚል መልስ ያገኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ሄጄ እራቴን በላሁ፤ የበላሁት እንጀራ በማን እጅ በተሠራ ምጣድ እንደ ተጋገረ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አላሰብሁም።

ይህን ነገር ረስቼው ኖሬ ነበር። ያስታወሰኝ ባለፈው ጊዜ በቤታችን የነበረው የኤሌክትሪክ ምጣድ ሸክላው በመሰንጠቁ ነው። ባለቤቴ «ሸክላውን አንተው ፈልገህ አምጣ» ብላኝ ወደ ቀጨኔ ወጣሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ከደጃቸው ተቀምጠው አገኘሁ። ምጣድ እንደምፈልግ ነገርኋቸው። እርሳቸውም አንዱን አንሥተው በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና ድምፁን አዳመጡ፤ መልሰው አስቀመጡት። ሁለተኛውን መቱ፤ እርሱንም አስቀመጡት። ሦስተኛውን ሲመቱት እንደ ደወል ጠራ አለ።

«ይህን ውሰድ ልጄ» አሉኝ።

«እማማ፤ ሁለቱስ ምን ሆኑ? ለእኔ ሦስቱም አንድ ናቸው» አልኋቸው።

«በዐይን አንድ ናቸው። ውስጡ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። ዛሬ ብሸጥልህ ነገ እሳት ሲነካው ይለያያል፤ ያን ጊዜ የምትረግመው እኔን ነው» አሉ።

ሥራዬን ጠየቁኝ፤ በሬዲዮ የምናገር መሆኔን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ «ስለ ዕቃው ስትናገሩ እሰማለሁ፤ ባህላችን ነው፣ ቅርሳችን ነው ትላላችሁ። ስለ ሠሪው ግን ስትናገሩ አልሰማሁም» አሉኝ።

የምመልሰው አጣሁ። ዋጋውን ከፍዬ ምጣዱን ታቅፌ ወረድሁ። ያ የክፍል ጓደኛዬ መንገዱን ሁሉ ከፊቴ አልጠፋ አለ። ይህንን ንግግር የጻፍሁትም ስለዚሁ ነው።

ምናልባት ከእናንተ መካከል «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፤ የሸክላ ሠሪ ነገር ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የኤሌክትሪክ ምጣዱን ገልብጦ ይመልከት። ከላይ ያለው ያው ሸክላ ነው። በሆዱ በኩል ዙሪያውን ቦይ ይቀረጽበታል፤ በቦዩ ውስጥ ከኒኬልና ከክሮሚየም ብረት የተሠራ የተጠቀለለ ሽቦ ይጋደማል፤ ሽቦው በጄሶ ይደፈናል። ከዚያም በእግር በቆመ የቆርቆሮ ገበታ ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪኩ በሽቦው ሲያልፍ ሽቦው ይግላል፤ ሸክላውም ያንን ሙቀት ተቀብሎ እንደ ጥንቱ እኩል ያሰራጨዋል። ኢንጂነሩ እሳቱን ለወጠ እንጂ ምጣዱን አልለወጠም፤ ሊለውጠውም አልፈለገም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባል የለምን? እዚህም ጉልቻው ተለወጠ፤ የእንጀራው ጣዕምና ዐይን ግን እንደ ጥንቱ በሸክላ ሠሪዋ እጅ ነው።

ይህ መሣሪያ ምን ያህል ኀይል እንደሚጠጣ ማወቅም ይጠቅማል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.6 ኪሎ ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም ባለ 60 ዋት የሆኑ 60 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ ማብራት ማለት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የአባ ሳሙኤል የውኃ ኀይል ማመንጫ 6.6 ሜጋ ዋት የሚያህል ኀይል ነበረው። ያ ሁሉ ኀይል ለምጣድ ብቻ ቢውል በአንድ ጊዜ የሚያግለው ከ1,800 ጥቂት የሚበልጡ ምጣዶችን ብቻ ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ግን 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። በዚያው ሒሳብ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ የሚያህል ምጣድ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ታላቅ ግድብ ሠርተን ኀይሉን በመጨረሻ የምናሳርፈው ቀጨኔን በመሳሰሉ መንደሮች ውስጥ በእጅ በተለሰነ ሸክላ ላይ መሆኑን ስታስቡት አያስገርምምን?

ኤሌክትሪክ ላልደረሰውም ቤት የተደረገ ሥራ አለ። በ1980ዎቹ የኀይል ጉዳይ ባለ ሙያዎች ሁለት ምድጃዎችን ለሕዝብ አቀረቡ። አንደኛው «ምርጥ» ይባላል። ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ቀላል ድንጋይ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ ይሠራና ምጣዱን ዙሪያውን ያቅፈዋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር አብዛኛው ሙቀት በነፋስ ይበተን ስለ ነበር፣ ይህ ምድጃ እንጨቱን እስከ ግማሽ ድረስ ሊቈጥብ እንደሚችል ተፈትኖ ታይቷል። ሁለተኛው «ላቀች» የሚባለው የከሰል ምድጃ ነው። በኬንያ አገር የታወቀውን ምድጃ መሠረት አድርጎ የተሠራ ሲሆን፣ ከውጭ ቆርቆሮ፣ ከውስጥ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱ እንዳያመልጥ ስለሚይዘው ከሰሉ በአንድ አራተኛ ያህል ይቈጠባል። ምርጥ ምድጃ በአንድ ቤት በገባ ቍጥር ከእንጦጦ ከምትወርደው እናት ጀርባ ላይ ጥቂት እንጨት ወረደ ማለት ነው። ከእነዚያ እንጨት ተሸካሚዎች አንዳንዶቹም ሸክሙን ትተው ወደ ሽመና ሥራ ገብተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድር ነው? የሠለጠነ አገር ማለት አዲስ መሣሪያ የሚገዛ አገር ብቻ አይደለም። መሣሪያ የሚሠራውን እጅ የሚያከብር አገር ነው። አውቶሞቢልም በአውሮፓ የተሠራው በሚሠራ እጅ ነው። የኛም ቀጥቃጭ፣ ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ልጁን አስተምሮ ሙያውን ከሳይንስ ጋር እንዲያገናኝ ቢደረግ፣ ሙያው ከዚህ የበለጠ ፍሬ ይሰጣል። ልጁ ግን የአባቱንና የእናቱን ሙያ ደብቆ፣ የሰፈሩን ስም ለውጦ የሚማር ከሆነ፣ ተምሮ ወደዚያ ሙያ አይመለስም። ጥበቡም ከእናቱ ጋር ይቀበራል።

በየመሥሪያ ቤቱ የተቀመጣችሁ አንባቢዎች ሆይ፤ ይህ ነገር እናንተንም ይመለከታል። ባለ እጁ ለሥራ ቦታ፣ ለአፈር መቈፈሪያ፣ ለፈቃድ ማመልከቻ ይዞ ሲመጣ የሚገባው በእናንተ በር ነው። «ነገ ተመለስ» የሚለው ቃል ለእርሱ የአንድ ቀን ጭቃ ማድረቅ ነው። ከገበያም ስትገዙ፣ ለባሕር ማዶ ዕቃ በጽሑፍ የተለጠፈውን ዋጋ ያለ ክርክር እየከፈላችሁ፣ ለሸክላ ሠሪዋ ሲሆን እስከ መጨረሻው ሳንቲም ድረስ አትከራከሩ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጆቻችሁ በትምህርት ቤት ከማን ጋር እንደሚቀመጡ ጠይቋቸው። ከአንድ ልጅ አጠገብ ተነሥተው የሄዱ እንደ ሆነ ለምን እንደ ተነሡ ጠይቋቸው። እኔን ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን ንግግር ለማድረግ ሃያ ዓመት ባልፈጀብኝ ነበር።

ዛሬ ማታ ማዕድ ስትቀርቡ መሶቡ ከመከፈቱ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ጉለሌ ተራራ በአሳባችሁ መለስ በሉ። በዚያ አንዲት እናት ምጣድ በጣታቸው እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። የተሰነጠቀውን ለእናንተ እንዳይሸጡ ይጠነቀቃሉ። እኛም ስለ እርሳቸው የምንናገረው ቃል ውስጡ ያልተሰነጠቀ እንዲሆን ልንጠነቀቅ ይገባናል።

ሰላም ዋሉ።